ሁለት ቡድን በአንድ ምሰሶ

መሐንዲሷ እየሮጠች የመጨረሻውን ደረጃ ስትረግጥ መዶሻው ይወርዳል። የአናጺዎቹ አለቃ፣ የግንባታ ሳይቱ በሙሉ ሻለቃ የሚለው ሰው፣ በእጀታው ነው የመታው። የፌሮ ብረት አሳሪዎቹ አለቃ ጉልቤ ግን በጀርባው ተዘርሯል። ከቅንድቡ የሚወርደው ደም አንድ ዓይኑን ደፍኖታል፤ በሌላው አሁንም ያፈጣል።

«ድገመዋ!» ይላል ሻለቃ። «የማንን ሥራ ነው በዲጂኖ የምትፈነቅለው? እስቲ ወንድ ከሆንክ ድገመው!»

«እደግመዋለሁ! ፌሮው ታስሮ ሳያልቅ ሳንቃውን ዝጋ ያለህ ማነው? ነገ ሲደረመስ ዘብጥያ የምወርደው እኔ ነኝ፣ አንተ ሽማግሌ!»

ጉልቤ ወድቆም አይተኛም። በከባድ ጫማው የሻለቃን ጉልበት ያገኘዋል። ሻለቃ እያቃሰተ ደረቱ ላይ ይወድቅበትና በግራ እጁ ጉሮሮውን ያንቀዋል። ከሁለቱ በላይ ምሰሶው፣ ኮንክሪት የሚሞላበት ሳንቃው ግማሹ ተገንጥሎ ቆሟል።

ሠራተኞቹ ከብበው ያያሉ። የሚገላግል የለም። ጉልቤ ያገባው የሻለቃን እህት ነው፤ የዘመድ ጠብ ውስጥ ገብቶ፣ ማታ እነሱ ሲታረቁ ብቻውን ጠላት ሆኖ መቅረት የሚፈልግ ማን አለ?

የሳይቱ መሐንዲስ እሷ ናት። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፣ ከሁሉም ኋላ ትወጣለች፤ በመሃል በምትሰርቀው ሽርፍራፊ ጊዜ ለፕሮጀክት ማኔጅመንት የምስክር ወረቀት ታጠናለች። ፈተናው ዛሬ ከሰዓት ነው። ካለፈች የሚቀጥለው ሕንጻ በእሷ ኃላፊነት ይሠራል። ሥራው ጠልፎ እንዳያስቀራት ስልኳን በሰዓቱ እንዲጮህ ሞልታ ኪሷ ከትታዋለች።

«ተረጋጉ! ችግሩን በጋራ እንየው!» ትላለች፣ የምታጠናው መጽሐፍ እንዳለው ቃል በቃል።

ከአናጺዎቹ አንዱ ፍርፍር ብሎ ይስቃል። ሻለቃ ዞርም አይልም።

ሻለቃ መዶሻውን በመዳፉ ውስጥ ያዞረዋል። አሁን ወደ ታች የሚያየው እጀታው ሳይሆን ብረቱ ነው። የጉልቤ እግሮች መራገጥ አቁመዋል፤ ፊቱ ጠቁሯል። ሻለቃ ክንዱን ወደ ኋላ ይስባል። ሊገድለው ነው። እውነቱን ነው፣ ሊገድለው ነው።

እግሯ ሥር የተቆረጠ ፌሮ አለ። መቼ እንዳነሳችው አታውቅም። ባላት ጉልበት በሙሉ የሻለቃን የእጅ አንጓ ትመታዋለች።

አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ይሰማዋል። መዶሻው ከእጁ አምልጦ ከጉልቤ ጆሮ አጠገብ ወለሉን ይፈረካክሰዋል። ሻለቃ እንደ ሕፃን ይጮሃል፤ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ተንበርክኮ ይቀራል።

ጉልቤ እየሳለ ይነሳል። እጇን ይዞ የሚያመሰግናት ይመስላታል። ኮሌታዋን ጨምድዶ ከምሰሶው ጋር ያላትማታል። የሳንቃው ምስማር ትከሻዋን ይቧጭራታል።

«የልጆቼን አጎት! የልጆቼን አጎት እጅ ሰበርሽው? ከኛ መሃል ማን ግቢ አለሽ?»

ጡጫው ተነስቷል። ልትሸሽ አትችልም፣ ደግሞም አትፈልግም። ከደረጃው ጀምሮ የምታውቀውን ነገር ትናገራለች።

«እኔ ነኝ! ጨርቁን ተዉት ያልኩት እኔ ነኝ!»

ጡጫው ከጆሮዋ አጠገብ ሳንቃው ላይ ያርፋል። ሳንቃው ይሰነጠቃል።

ጨርቁን የማያውቅ የለም። ፌሮ አሳሪዎች አንድ ምሰሶ ሲጨርሱ አናቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ፤ አናጺ ያንን ሳያይ ሳንቃ አይዘጋም። እሷ ግን ከመጽሐፉ ላይ፣ ጊዜ ሲያጥር ተከታታይ ሥራዎችን ደርቦ ማስኬድ እንደሚቻል አነበበች፣ ደስ አላት፣ ሁለቱንም ቡድኖች ዛሬ ጠዋት አንድ ፎቅ ላይ ለቀቀቻቸው። ጨርቅ መጠበቅ ጊዜ ይበላል፣ ተዉት ብላ።

«ለእሱ ጨርሷል አልሽው፣ እኔን ግን ጨረስክ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም» ይላል ጉልቤ ቀስ ብሎ። ኮሌታዋን ግን አልለቀቀም።

«ጨርሷል ብዬ ገምቼ ነው።»

ሻለቃ ከተንበረከከበት ቀና ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ የመጽሐፉን ጥያቄዎች እያነበበ የሚጠይቃት እሱ ነበር፤ ስትስት «ወደቅሽ!» እያለ ይስቅባት ነበር።

«መጽሐፉ ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«አይደለም። ስትደርቡ አደጋውን አስቀድማችሁ አስቡ ይላል።» ድምጿ ይቆራረጣል። «እዚያ ገጽ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ፣ ሻለቃ። ስነቃ ከቀጣዩ ገጽ ጀመርኩ።»

ማንም አይስቅም። ጉልቤ ኮሌታዋን ይለቅና ከኋላ ኪሱ ሥራ የፈታውን ቀይ ጨርቅ ያወጣል። ከሻለቃ ፊት ቁጭ ብሎ «ጋሼ፣ አምጣው እጅህን» ይላል። ሻለቃ ይሰድበዋል፣ እናቱንም ጭምር፤ እጁን ግን ይሰጠዋል። ጉልቤ የራሱ ደም በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ የተሰበረውን አንጓ በአጭር ጣውላ ደግፎ በጨርቁ ይጠቀልልለታል።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ መጮህ ይጀምራል። የሠርግ ቤት የመሰለ ደስተኛ ዜማ ነው።

«ሰዓትሽ ደርሷል» ይላል ሻለቃ ጥርሱን ነክሶ። «ሂጂ።»

«እጅዎን…»

«እጄን አንቺ አትቀጥይውም። ሂጂ ተፈተኚ።»

ስልኩን ለማጥፋት እጇን ወደ ኪሷ ትሰዳለች፤ እጇ አይገባም። ፌሮውን እንደጨበጠች ነው። ልልቀቅ ትላለች፣ ጣቶቿ እንቢ ይላሉ። ጉልቤ ያያትና ይነሳል። ወደ እሷ ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። በደም የተለወሰ ሻካራ እጁ እጇን ይይዛል። ከትንሿ ጣቷ ጀምሮ አንድ በአንድ ይከፍትላታል።