አራተኛዋ ብልቃጥ

ውርጩን በአውራ ጣቷ ስትጠርገው መጀመሪያ የታያት የገዛ እጅ ጽሑፏ ነበር። ብልቃጧን ከፈሳሽ ናይትሮጂን ማቀዝቀዣ በርሜሉ ገና ማውጣቷ ነው፤ ቅዝቃዜዋ ጓንቱን አልፎ ጣቷን እንደ እሳት ለበለባት። የምርመራው ውጤት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ለዓመታት የጉበት ሕዋስ ነው ብለው ሲያሳድጉት የኖሩት ሁሉ ከሌላ ሕዋስ ጋር ተደባልቋል፤ መነሻውም ይቺ አራተኛዋ ብልቃጥ ናት። ቴክኒሻኑ በዚሁ ጥፋት ባለፈው ሳምንት ተባሯል፣ በአንድ መምጠጫ ፒፔት ሁለት ዓይነት ሕዋስ ነካክተሃል ተብሎ። "እህቴ፣ አንቺ እንኳ ታውቂኛለሽ" ሲላት አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ቀጥላ ነበር።

ከስሟ ሥር ያለውን ቀን ስታነብ ክው አለች። ቴክኒሻኑ ሊቀጠር ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ያን ቀን ንጹሕ ፒፔት አልቆባት፣ ለአንድ ጊዜ ምን ይመጣል ብላ፣ አንዱን ለሁለቱም ሕዋሶች እንደተጠቀመችበት አሁን ትዝ አላት።

"አገኘሽው?" አሉ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ከወዲያኛው ክፍል። "የማን ጽሑፍ ነው?"

በቀን መቶ ጊዜ ጠረጴዛዋን የምታጸዳበትን አልኮል አነሳች። ብልቃጧ ላይ ረጨችና በጥጥ ደጋግማ አሸቻት፤ ሰማያዊው ቀለም ሟሙቶ ጥጡ ላይ ቀረ።

"ቀለሙ ለቋል፤ አይነበብም" አለች።

"እንግዲያው የእሱ ነው።"

"ሳይሆን አይቀርም" አለች፣ ጥጡ ውስጡ እንዲቀር ጓንቷን ገልብጣ እያወለቀች።