የክርስትና ስሟ

ሰውዬው ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደና ቄሱን ደጀ ሰላሙ ላይ አገኛቸው። ሚስቱ ከትናንት ወዲያ ራሷን ስታ ወድቃ እስካሁን አልነቃችም። በቤታቸው ጸሎት የእሷ ሥራ ነበር፤ በየማለዳው ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ እሱ ከአልጋው ሳይነሣ፣ «ለእኔም ጨምሪልኝ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

«አባ፣ ሚስቴ ታማብኛለች፤ ይጸልዩላት» አለ።

«እግዚአብሔር ይማራት፣ ልጄ። የክርስትና ስሟ ማነው?»

ሰውዬው መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም። ስሙን የሚያውቁት እናቷም ሞተዋል።

«አላውቀውም፣ አባ።»

«የዓለም ስሟስ?»

«አስካለች። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው የምንኖረው።»

ቄሱ ቀና ብለው ትክ ብለው አዩት።

«ገብረ ሥላሴ ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ የክርስትና ስሜ ነው። በምን አወቁኝ?»

«በየማለዳው እየመጣች በጸሎት ያስቡልኝ የምትለኝ ይህንኑ ስም ነው። ‹የራስሽንስ?› ስላት፣ ‹እሱ ይቅደም፣ አባ› ትለኛለች። የእሷን እኔም አላውቀውም።»