ግማሽ ክኒን

መድኃኒቱን ወስዳ እንዲህ ካቃሰተች፣ ባትወስድማ ምን ልትሆን ነበር?

እትዬ መርፌ ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ስሙን ያወጡላቸው የሰፈር ደንበኞች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። ልጃቸው ከስፌት መኪናው አጠገብ ባለው አልጋ ላይ፣ ከጉልበቷ ሥር ትራስ ተደርጎላት እንደ ሸሚዝ ታጥፋ ተኝታለች። ከሦስት ወሊድ በኋላ የተንዘላዘለውን የሆዷን ቆዳ ሐኪም ቆርጦ ሰፍቶላት፣ ልጆቿን ለባሏ ትታ ለማገገም እናቷ ቤት ገብታለች።

«ተነሺና እስከ በሩ እንኳ ደርሰሽ ተመለሺ፣ የኔ እናት። ካልተራመደች ደም እግሯ ውስጥ ይረጋል አላለም ሐኪሙ?»

«አልቻልኩም አልኩሽ እኮ፣ እማዬ!»

«እሺ፣ እሺ። አትቆጪ። ቁጣም ሆድ ይወጥራል።»

የረጋ ደም ወደ ሳንባ ይሄዳል መባሉን ከሰሙ ወዲህ ግን የእሳቸውም እንቅልፍ ጠፍቷል። ልጅቷ ስትተኛ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው እግሯን ይዳብሳሉ። ሞቀ? አበጠ? ስትነቃ ደግሞ ብርድ ልብስ የሚያስተካክሉ ይመስላሉ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ አሁንም አልተዋጠላቸውም። ሆድ ከሰፋ ቀሚስ ማስፋት ማንን ገደለ? ለሦስቱም እርግዝና ያንኑ ሰማያዊ ቀሚስ ጎኑን እየፈቱ፣ የታጠፈውን ትርፍ እየለቀቁ አስፍተውላታል። እሷም መኪናው አጠገብ ቆማ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ በሌላው ዳቦ እየገመጠች፣ «እማዬ፣ ለዚህኛውስ ጨርቁ ይበቃል?» ትላቸው ነበር። ምን ዓይነት ደግ ዘመን ነበር!

«ለኔ ብትነግሪኝ ኖሮ…» አሉ፣ አላስችል ብሏቸው።

«ምን ልታደርጊ? በየማለዳው ሆዴን አጣጥፌ ሱሪዬ ውስጥ ስከት አላየሽኝም። ወገቤ ሲቆረጥም አላየሽም። በቀሚስ የሚሸፈን ነገር አልነበረም።»

እትዬ መርፌ ወደ መኪናቸው ዞሩ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሆዷ ላይ የሚታሰረው ሰፊ ቀበቶ ጠርዙ ቆዳዋን እየላጠ ስላስቸገራት፣ ታጥቦ የደረቀውን ቅያሪ መኪናው ላይ ዘርግተው በለስላሳ ጨርቅ ሊለብዱት ተቀመጡ።

«እስቲ ከራስጌሽ ካለው ቆርቆሮ ስፒል አቀብዪኝ።»

ልጅቷ ክንዷን ብቻ ዘርግታ የሸሚዝ ቁልፍና ስፒል የሚጠራቀምበትን ቆርቆሮ ሳበች። ከፈተችው። እትዬ መርፌ እዚያ ውስጥ ምን እንዳስቀመጡ ያስታወሱት ያኔ ነው፤ አስታውሰው ብድግ ሲሉ ግን ረፍዶ ነበር።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ግማሽ ቁልፍ ምን ይዘጋል?»

መዳፏ ላይ በመቀስ ለሁለት የተቆረጡ ነጫጭ ክኒኖች ነበሩ። እንደ ልጅነቷ በስኳር ደቁሰው፣ በማንኪያ ሲያጎርሷት ዐይኗን ጨፍና የምትውጠው ግማሹን ኖሯል። ሌላው ግማሽ እዚህ ተቀምጧል።

«ድሮ… ትኩሳት ሲይዝሽ ግማሹ ነበር የሚበቃሽ።»

«ያኔ እኮ የወተት ጥርሴ እንኳ አልተነቀለም!»

«ታዲያ ለኔ መቼ አደግሽ? ደግሞ የሕመም መድኃኒት ሱስ ይሆናል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ።»

«ክኒን ጨርቅ መሰለሽ? ትራፊው ለሌላ ይሆናል ብለሽ?»

ይህን ብላ ራሷ በሳቅ ፈነዳች። ወዲያው ትራስ ጎትታ ሆዷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ወይኔ! አታስቂኝ! ስፌቴን ልታስፈቺው ነው!»

ሳቋ ግን ሳያልቅ እንባ ሆነ።

«እኔ እኮ ደካማ ነኝ ብዬ ነበር። ሌላው ሴት በዚሁ መድኃኒት ተነስቶ ሲራመድ እኔ ምን ነካኝ እያልኩ ትራሱን ነክሼ ሳድር…»

«እጄን በቆረጠው!» አሉ እትዬ መርፌ። ሙሉውን ክኒን ሐኪሙ እንዳዘዘው በብርጭቆ ውኃ አመጡላት፤ ስኳሩንና ማንኪያውን ማዕድ ቤት ተዉት።

ከዚያ በኋላ ማቃሰቱ እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደ። እትዬ መርፌ ስፒሎቹን እንደ ልማዳቸው በከንፈራቸው ይዘው፣ ጨርቁን በቀበቶው ጠርዝ ላይ ማያያዝ ጀመሩ።

በሕፃንነቷም ይኸው መኪና ነበር። ይኸው በር። ልጅቷ ገና ቆማ መሄድ ሳትችል የመኪናውን እግር ይዛ ስትወዛወዝ ውላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለቀቀችው። እሳቸው አፋቸው ስፒል ሞልቶ የሰው ቀሚስ ያበጁ ነበር። እንዳይጠሯት ስፒሉ፣ እንዳይሮጡ ጉልበታቸው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ያዛቸው። ልጅቷ እየተንገዳገደች ደጃፉን ተሻገረች፤ ወደ ኋላም አላየች።

አልጋው ሲንቋቋ ቀና አሉ።

ልጅቷ በጎኗ ተንከባላ፣ እግሯን አውርዳ ተነስታለች። አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ አንዱ ቀበቶዋ ላይ። ጎብጣለች። ኮረዳ ሳለች በቁመቷ እያፈረች ስትጎብጥ፣ «ቀና በይ!» እያሉ ጀርባዋን መታ ያደርጓት ነበር። አሁን ግን ሐኪሙ ራሱ ስፌቱ እንዳይወጠር ቀና አትበዪ ብሏታል። የድሮው ቃል እስከ ጥርሳቸው መጥቶ ስፒሎቹ ጋ ቆመ።

በሩን ከፈተች። የከሰዓቱ ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

እትዬ መርፌ ሁለት እጃቸውን ወደፊት እንደዘረጉ፣ ከወንበራቸው ከፍ እንዳሉ ቀሩ። ልጃቸው እንደ ጎበጠች፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ደጃፉን ተሻግራ ወጣች።