አራት ወር ያልተዘጋ ላፕቶፕ

«ይነገረው።»

«እኔ እያለሁ? በፍጹም!»

ይህን ከግድግዳ ወዲያ ከሰማ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አንዷ እናቱ፣ አንዷ አክስቱ ነበሩ፤ የትኛዋ ምን እንዳለች ግን ዛሬም አይለይለትም። የማይረሳው፣ አባቱ የሚገድላቸው በሽታ ሳይነገራቸው፣ ጣሪያውን ለክረምት ሊያድሱ ቆርቆሮ ሲያማርጡ መሞታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ውሸት አይወድም።

አሁን ኮምፒውተር ጠጋኙ በሽማግሌው አናጢ ቤት ኮሪደር ላይ ቆሟል። የአናጢው ሚስት ክንዱን ይዘውታል።

«ጋሼህ ለልጁ የጻፈውን አንብቡልኝ እያለ ነው» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዓይኑ እንደሁ ከድቶታል። ግባና ከራስህ ፈጥረህም ቢሆን አንብብለት። ጠፋ እንዳትለው፣ በፈጣሪ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ካውያ ልሰካ ብዬ ነው ላፕቶፑን የነቀልኩት! ለሐኪም ቤት ሸሚዙን ልተኩስለት። ምነው እጄን በቆረጠው ወንድሜ!»

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ሃርድ ዲስኩም እንዲሁ። ሌሎች ጠጋኞች «ጣሉት» ያሉትን እሱ ነው ነፍስ የዘራበት። ከአንዲት ፍላሽ ተነሥቶ ሚሞሪው ላይ የሚሰፍር፣ አሮጌ ማሽን የማይከብደው ሊኑክስ የሚባል ትንሽዬ ሥርዓት ጫነበት። ያኔ አናጢው «ምስጥ አክሎ ቤቱን ሙሉ ያዘው በለኛ!» ብለው ስቀው ነበር።

ይህ ሥርዓት የተጻፈውን ሁሉ በሚሞሪው ይዞ ይቆይና፣ ሲዘጋ ብቻ «ላስቀምጥ?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ሲሉት ፍላሹ ላይ ያሰፍረዋል፤ ሳይዘጋ ከተነቀለ ግን ሁሉም ይጠፋል። ጠጋኙ ይህን ለአናጢው ነግሯቸዋል፤ አንድ ጊዜ፣ ያውም ጫማውን እያሰረ። በየሰዓቱ ራሱ እንዲያስቀምጥ ማድረግም ይችል ነበር። ሌላ ቀን እመለስበታለሁ ብሎ ተወው።

አናጢው ግን አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልዘጉትም፤ መስመሩ ከሆስፒታል ጋር ስለሆነ መብራትም አልጠፋባቸውም። ሰባት ዓመት ላላናገሩት ወንድ ልጃቸው፣ በሁለት ጣት፣ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር።

ገባ። ላፕቶፑ አናጢው ራሳቸው በሠሩት በርጩማ ላይ፣ ከትራሳቸው አጠገብ ተቀምጧል። ስክሪኑ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።

«መጣህ?» ሕመሙ ጉሮሮአቸውን ስለያዘው ድምፃቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው። «በሩን ግጥም አድርገው።»

ዘጋው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ…»

«ሐሙስ የዚህ ማሽን ማራገቢያ ዝም አለ» አሉ አናጢው። «አራት ወር ጆሮዬ ሥር ሲያጉረመርም የከረመው። ቀጥሎ የካውያ ሽታ መጣ። ገባኝ።»

«ምነው አንዴ እንኳ ቢዘጉት ጋሼ?»

«እኔ ራሴ ከተኛሁ የምነሣ አይመስለኝም። ለሱም ፈራሁለት።»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እሱን ለአምላክ ተወው፤ አሁን ስማኝ። እሷ ማጥፋቷን ካወቀች፣ እኔን ቀብራ ስትመለስ ብቻዋን የምትኖረው ከዚህ ጋር ነው። ስለዚህ አልጠፋም። የማስታውሰውን ትንፋሼ እስካለች በጆሮህ እልሃለሁ፤ አንተ ጮክ ብለህ አንብብ። ከበሩ ኋላ ቆማለች፤ አውቃታለሁ።»

ጠጋኙ ዞር ብሎ አየ። ከበሩ ሥር፣ ብርሃኑ ላይ፣ የሁለት እግር ጥላ አለ። እትዬ እኮ ያውቃሉ ሊል አፉን ከፈተ። የአናጢው እጅ ብርድ ልብሱ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ጠጋኙ አፉን መልሶ ገጠመ።

«እሺ» አለ።

ባዶ ገጽ ከፍቶ ጣቶቹን ፊደላቱ ላይ አሳረፈ። ጆሮውን ወደ ሽማግሌው አፍ አስጠጋ፤ የሰማውን እየጻፈ፣ ኮሪደሩ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ ያነብ ጀመር።

«ልጄ፣ ያን ቀን በሩን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ…»