ከመጨረሻው ገጽ በኋላ

ጋና፣ ኩማሲ ከተማ ውስጥ የቀብር ማስታወቂያ የሚፈለግበት ድረ ገጽ ላይ እንሠራለን። እኛ ዘንድ ሬሳ የሚቀበረው ከሳምንታት በኋላ፣ ቅዳሜ ስለሆነ ስሞቹ የሚወጡት በቀብር ቀን ተራ ነው። ማንነቱን ያላወቅነው አንድ ፈላጊ ከጥንቱ ቀብር ጀምሮ ገጽ በገጽ ያገላብጣል። በገለጠ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሚሊዮኑን ስም እንደ አዲስ ስለሚደረድር ሥራው ሁሉ ይንቀራፈፋል።

«ሰውዬው ሥራ የለውም እንዴ?» አለ ባልደረባዬ ባፉር አሳሞዋ፣ ከበቆሎ ሊጥ የተቀቀለ ኬንኬውን እየቆረሰ።

«ዘመድ ጠፍቶበት ይሆናል።»

«በቃ ላፍጥንለትና ይገላግለን።»

ስሞቹ ገና ሲመዘገቡ በቀናቸው ተራ እንዲቀመጡ አደረገ። በነጋታው ገጾቹ መብረር ጀመሩ። ፈላጊው ከምሳ በፊት የመጪውን ቅዳሜ አልፎ፣ ቀን የተቆረጠላቸውን ሁሉ ጨርሶ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰ።

«ተገላገልን» አለ ባፉር።

ፈላጊው ቀጣዩን ገጽ ጠየቀ።

ባዶ መምጣት ነበረበት። በቅጽበት የመጡት ግን ማንም ያልመዘገባቸው አሥር ስሞች ናቸው፤ ሁሉም የዛሬ ወር ቅዳሜ የሚቀበሩ። ሰባተኛው ባፉር አሳሞዋ ይላል።

«ፈጠነለት?» አለኝ ባፉር ገጹን ሳያይ፣ ጣቱን እየላሰ።

ፈላጊው ቀጣዩን ገጽ ጠየቀ።