እናቱ የዋጠችው ክኒን

ፋርማሲው ጠባብ ነው። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ቆሞ የሰው ማጅራት ሲያይ ይውላል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን ሰውዬ ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም፤ ግን አንድም ቀን አስተባብሎ አያውቅም።

እትዬ ሹክሹክታ ነፍሰ ጡር ምራታቸውን አስከትለው ገቡ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሚስጥር ሲያወሩ ማዶ ያለው ጋራዥ መዶሻውን አቁሞ ያዳምጣል።

ምራቲቱ ማዘዣዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«እንዳትሸጥላት!» አሉ እትዬ።

ዶክተር ማዘዣውን አየው። የድባቴ መድኃኒት ነው፤ ሰፈሩ «የጭንቀት ክኒን» የሚለው።

«እማማ፣ ሐኪሟ እኮ ነው ያዘዘላት።»

«ሐኪሟ ሆዷን ነው የሚያየው፤ እኔ ቤቴን አያለሁ። እርጉዝ ሴት ይኼን ስትውጥ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚወጣ ልንገርህ? እኛ ቤት አንድ አለ።»

ሰልፉ ጆሮውን አቆመ። ሳል ይዞት የመጣው የታክሲ ሾፌር እንኳ ሳሉን ዋጥ አደረገ። ወሬ ከሽሮፕ ይበልጣል።

«ዶክተር» አለች ምራቲቱ፣ «እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ምግብ ሲቀርብልኝ አለቅሳለሁ። ስፌት ቤት መኪናው ላይ ተቀምጬ መርፌ ሲወጋኝ አይታወቀኝም ነበር። በዚህ መድኃኒት ነው ሰው የሆንኩት። ዛሬ አልቆብኛል።»

«አንቺ ሰው ሆንሽ፤ ሆድሽ ውስጥ ያለውስ?» እትዬ ወደ ዶክተር ዞሩ። «ልጁን ብታየው አንጀትህን ይበላዋል። ጠዋት ካልተጎተተ አይነሣም። ካልሲው እግሩ ሥር ሆኖ ‘ጠፋብኝ’ ብሎ ቤቱን ያተራምሳል። ወጥ ውስጥ ሽንኩርት ካየ ሳህኑን ይገፋል። ኳስ ከተሸነፈ ሪሞት ይወረውራል። ትንሽ ከተቆጡት ከንፈሩን ጥሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው።»

«የኔም ታናሹ እንደዚያው ነው» አለ ሾፌሩ። «ሲያድግ ይተወዋል።»

«ይኼኛው አልተወም!»

«ይናገራል?» ጠየቀ ዶክተር።

«ሲርበው።»

«ከሌሎች ጋር ይጫወታል?»

«እሱ ካሸነፈ።»

ምራቲቱ አንገቷን ደፍታለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ የምታለቅስ መሰለው።

እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ማለትም ከጋራዡ ወዲያ አልተሰማም።

«እናቱ ናት ያበላሸችው። አርግዛው ሳለ ጭንቀት ሊገድላት ደረሰ። ክኒን ሰጧት፤ እስክትወልደው ድረስ ዋጠች። ይኸው፣ እሱ ባጠፋ ቁጥር ያ ክኒን ነው ትዝ የሚላት። ለማን ትናገር?»

ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

ሾፌሩ ምራቲቱን ከእግር እስከ ራሷ ገረመማት። «አንቺ! አንዱ አልበቃ ብሎሽ ነው ልትደግሚው የመጣሽው?»

«እኔ ማንንም አላበላሸሁም» አለች። «ተበላሽቶ ነው የደረሰኝ።»

«ምላስ ደግሞ አላት!» አለ ሾፌሩ፤ የታፈነው ሳል አብሮ ፈነዳ።

ዶክተር ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ስሙኝማ እማማ። አንድ ልጅ አስቸጋሪ ስለሆነ ጥፋቱ የክኒኑ ነው አይባልም። የሚያጠኑት ሰዎች ራሳቸው ገና እየተከራከሩበት ነው። የእናት ጭንቀትም ቢሆን ለጽንስ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሐኪሟ ሁለቱን መዝኖ ነው የጻፈላት። በገዛ እጇ ድንገት ብታቆመው ግን ተመልሳ እዚያው ጉድጓድ ልትገባ ትችላለች። ለእናቱም ይንገሯት፤ ታማ ታከመች እንጂ ልጇን አልበደለችም።»

እትዬ ሹክሹክታ ዝም አሉ። ጋራዡ ውስጥ ምን ነካቸው ሳይባል አልቀረም።

«አልበደለችም?»

«ማን ነው እሷን በድለሻል የሚላት?»

«ራሷ» አሉ። አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው ማዘዣውን በጣታቸው ወደ እሱ ገፉት። «በል ስጣት። ትዋጥ።»

ምራቲቱ በረጅሙ ተነፈሰች። ዶክተር መድኃኒቱን አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

«ግን ዶክተርዬ፣ ለልጁም አንዲት የምታረጋጋ ነገር ብትፈልግልኝ» አሉ እትዬ። «ሽሮፕ ይሁን ታዲያ፤ ክኒን ይተፋል።»

«የልጅ መድኃኒት የሚለካው በክብደቱ ነው» አለ ዶክተር። «ስንት ኪሎ ነው?»

«ቁርስ ሳይበላ ሰማንያ ስድስት» አለች ምራቲቱ፣ ሚስቱ።