የሦስት ቁጥር ኮት

ኮቱ የመጣው በውድድሩ ዕለት ጠዋት ነው። በጋዜጣ ተጠቅልሎ የበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ደረቱ ላይ በስፒል የተያዘች ብጣሽ ወረቀት አለች፤ «ሦስት ቁጥር ልጄን አደራ። አባቷ» ትላለች።

ጡረተኛው የሬዲዮ ዜና አንባቢ አነበባትና ፊቱን አጨማደደ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን የንግግር ውድድር ብቻውን ሲዳኝ ዘንድሮ ሰባት ዓመቱ ነው። ተማሪዎቹ «ጋሽ አይነኬ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ብዕር ቢልክለት፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ብዕሩን ለሕዝብ አሳየና ልጁን መጨረሻ አወጣው። ከተማው ይህን ወሬ አውርቶ እስካሁን አልጠገበም።

«ቱ!» አለ። «ዘንድሮ ደግሞ ኮት! ዓይናቸውን በጨው አጥበው!»

ባለቤቱ ጨርቁን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ደህና ሱፍ ነው እኮ። እስቲ ለካው።»

«እኔ? ይሄን ቆሻሻ?»

«መለካት መቀበል ነው እንዴ?»

ለካው። በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነውና የለበሰው ኮት ሁሉ በዚያ በኩል ይንጋደድበታል። ይሄኛው ቀጥ አለ።

«ወይ ጉድ!» አለች ባለቤቱ። «ገበያውን ዞረን ዞረን ላንተ ትከሻ የሚሆን አጥተን አልነበር?»

መስታወት ውስጥ ራሱን አየ። አምሮበታል። ማማሩ ደግሞ ይብሱን አንገሸገሸው። አውልቆ ፌስታል ውስጥ ጠቀጠቀውና ከውድድሩ በኋላ ላኪው ፊት ሊወረውረው ይዞት ወጣ።

የተወዳዳሪዎቹ ተራ ቁጥር ከትናንት በስቲያ በዕጣ ወጥቶ በሰሌዳ ተለጥፏል። ሦስት ቁጥር የእህል ቸርቻሪው ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነች የመጨረሻ ዕድሏ ነው፤ አንደኛ የወጣ ለአገር አቀፉ ውድድር ይሄዳል፣ እዚያ ያሸነፈ ነፃ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያገኛል። አባቷ አምስት ልጅ የሚያሳድገው በአንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። «ታዲያ የሱፍ ኮት ከየት አመጣ?» አለ ዳኛው መንገድ ላይ ለብቻው። «ከሚዛኑ ቀሽቦ ነዋ!»

ርዕሰ መምህሯ በር ላይ ያዘችው። «ጋሼ፣ ዘንድሮ እባክዎ መድረክ ላይ ወላጅ እንዳያዋርዱብን። የሚቀጡት ካለ በነጥብዎ ይቅጡ።»

«በነጥቤ እቀጣለሁ።»

አዳራሹ ላብና የሻገተ ምንጣፍ ይሸታል። መድረኩ ላይ ልብስ ሰፊው መሰላል ላይ ቆሞ የተቀደደውን መጋረጃ ይጠግናል። የድራማ ክበቡን አልባሳት ሁሉ በነፃ የሚሰፋ ሰው ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ! እርስዎ ካሉ እኛ ምን አሳሰበን? እርስዎን የሚገዛ ገና አልተወለደም!»

«ሊገዙ የሚሞክሩት ግን ተወልደዋል» አለ ዳኛው፣ ፌስታሉን ጠረጴዛ ሥር እየወረወረ።

«አይ ሰው!» አለ ልብስ ሰፊው፤ ራሱን ነቅንቆ ወደ መርፌው ተመለሰ።

አንድ ቁጥር አነበነበ። ሁለት ቁጥር እንባ ለማምጣት ታግላ አቃታት፤ እንዲያም ሆኖ መምህራኑ አጨበጨቡላት። ዳኛውን ቀፈፈው።

ሦስት ቁጥር እጇን ሳታወናጭፍ ቆመች። «አባቴ መዝኖ ሲጨርስ አንድ እፍኝ ይጨምራል» አለች። «ለምን ስለው፣ ‹ዓይኔ ተሳስቶ እንደሆነስ?› አለኝ። ሌላውን የሚመዝን ሰው መጀመሪያ የራሱን ዓይን ይጠርጥር።»

ሠላሳ ዓመት ማይክሮፎን ፊት የኖረ ጆሮ አይታለልም፤ እዚያ አዳራሽ እንዲህ ያለ ንግግር ተሰምቶ አያውቅም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አባቷ ዱቄት የነካው ጃኬቱን እንደለበሰ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ይጠርጋል።

የዳኛው እግር ጠረጴዛው ሥር ፌስታሉን ነካ። «አስመሳይ! ኮት እየላከ ልጁን ስለ ሚዛን ያሰብካል!» አለ በልቡ። ከመቶ ሠላሳ ሁለት ጻፈላት። ብዕሩን ሲያስቀምጥ እጁን በመሐረብ ጠረገ።

አራት ቁጥር ድምፁ ተዘጋ። አምስት ቁጥር ስለ ጊዜ አጠቃቀም ተናገረ። ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ፤ ሁለቴም ወደ መጋረጃው ዞር አለና ቀጠለ። ድንቅ አይደለም። «ቢያንስ ንጹሕ ነው» አለ ዳኛው በልቡ፤ ሰማንያ አንድ ሰጠው።

ውጤቱ ተነበበ። አንደኛ አምስት ቁጥር፣ መጨረሻ ሦስት ቁጥር። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ግን ጋሽ አይነኬን ማን ይናገረዋል? ፈርሞ ወረቀቱን አስረከበ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ቢነግሩኝ? ለታናሽ እህቴ እንኳ እንድነግራት።»

«አባትሽን ጠይቂው!»

ግራ ገብቷት አባቷን አየችው። አባቷም ግራ ገብቶት እሷን አያት። ከዚያ እጇን ይዞ ወጣ። ዳኛው ፌስታሉን ከጠረጴዛው ሥር እስኪጎትት ድረስ በሕዝቡ መሃል ጠፉ። «ይኼው፣ ሸሸ!» አለ።

ልብስ ሰፊው ከመጋረጃው ኋላ ወጣ። የአምስት ቁጥሩን ልጅ ትከሻ አቅፏል።

«ጋሼ፣ ልጄ ነው። እርስዎን መሳይ ዳኛ የት ይገኛል ብላ እናቱ ስትመርቅዎት ነው የዋለችው» አለና ልጁን ምስጋና ካስነገረው በኋላ ወደ በሩ ሰደደው።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወረቀቷን ይቅደዷት፤ ኮቱን ግን አይጣሉት፤ ለዚያች ግራ ትከሻዎ ስል ሦስት ጊዜ ፈትቼ ነው የሰፋሁት።»